የትውውቅ ቀን ኑዛዜ

በየዓመቱ ለወላጆች የምላት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለችኝ፤ "ልጆቻችሁን እንደ ልጄ ነው የማውቃቸው።" ስላት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። እናቶች በዐይናቸው "ተባረክ" ይሉኛል። በዚያች ደቂቃ እኔ ክፍሌ ውስጥ ካሉት 54 ልጆች በስም ለይቼ የማውቀው አሥራ አንዱን ነው። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የሚረብሹ ናቸው፤ አራቱ ደግሞ ከሚረብሹት አጠገብ በመቀመጣቸው ስማቸው አብሮ ሲጠራ የከረመ።

ኑዛዜ ነውና ከሥራዬ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህር ነኝ። "ሰልፍ ኮንቴይንድ" የሚባለው ዓይነት፤ አማርኛውም፣ ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም፣ ግብረ ገቡም እኔው ነኝ። ጫማ ማሰርና አፍንጫ መጥረግ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ አልተጻፉም እንጂ የእነሱም መምህር እኔ ነኝ። ሁሉንም የሚያስተምር ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሁሉንም የሚያውቅ ይመስለዋል። በሽታው ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርምና የወላጆች ትውውቅ ሲደርስ ይነሣብኛል።

ሲነሣብኝ የማነበው አንድ ንግግር አለኝ። በ2005 ዓ.ም. የዲፕሎማዬ ቀለም ገና ሳይደርቅ በሁለት ገጽ የጻፍኩት ነው። በየዓመቱ ከላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት እሰርዝና አዲሱን እጽፋለሁ። ዘንድሮ የምጽፍበት ቦታ አልቆ 2018ን ጠርዙ ላይ በቁሟ አስጠጋኋት። ከዓመተ ምሕረቱ በቀር የተነካ ቃል የለም። ከተማው ተለውጧል፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል፣ ጸጉሬም ተለውጧል፤ ንግግሩ ግን እንዳለ ነው። "አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ይባላል። ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ሳለሁ ደርሰውብኛል።

ዘንድሮ ጥፋቴ ከስብሰባው በፊት ነው የጀመረው። ርዕሰ መምህሯ "ትውውቁ ቅዳሜ ይሁን፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ይወስን" አሉን። እኔ ቀን የምቆጥረው ደመወዝ ሲቃረብ ብቻ ነው። ቅዳሜዎቹን በጣቴ ቆጠርኩና መስከረም 17 ላይ አረፍኩ። ሁሉም ወላጅ ቴሌግራም ስለሌለው፣ ልጆቹም ገና "ሀ"ን ከ"ሁ" ስላልለዩ፣ ማስታወሻውን 54 ጊዜ በእጄ ጻፍኩት፤ "ቅዳሜ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:30 በሚደረገው የትውውቅ ፕሮግራም እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሰዓት ይከበር።" "ሰዓት ይከበር" የምትለዋን ከሥሯ አሰመርኩባት፤ እሷንም 54 ጊዜ።

በማግስቱ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ።

"ቲቸር፣ አባዬ አይመጣም አለ።"

"ለምን?"

"መስቀል ነዋ! አገር ቤት ነው የምንሄደው። ክትፎ ልንበላ።"

መስቀል መስከረም 17 መሆኑን ለማወቅ አንደኛ ክፍል መግባት እንኳ አያስፈልግም። ይህን የሚዘነጋ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ልጁ ያንን ሲነግረኝ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ራሴ በቀለም የሳልኩት ደመራ፣ ዙሪያውን በዐደይ አበባ ታጅቦ፣ ተለጥፎ ነበር።

54 ወረቀት እንደገና ጻፍኩ። አንድ ሳምንት አሻገርኩትና መስከረም 24 አልኩ። አሁን ደግሞ ያረመችኝ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ወለሉን እየወለወለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፤ "ቲቸር፣ በዚያ ቀን እኮ ኢሬቻ ነው። ገሚሱ ወላጅ ሆራ ፊንፊኔ ነው የሚሆነው፤ የቀረውም መንገድ ተዘግቶበት አይመጣም።" ለሦስተኛ ጊዜ 54 ወረቀት ጻፍኩ፤ ጥቅምት 1። ሒሳብም አስተምራለሁ ብያችኋለሁ፤ በድምሩ 162 ማስታወሻ ነው። አንድ እናት ሦስተኛው ሲደርሳት "ይህ ሰውዬ ስብሰባ የሚጠራው ወረቀት ሊጨርስ ነው?" ማለቷን ልጇ በታማኝነት አድርሶኛል።

እናም የ2018ን የትምህርት ዘመን ለወላጆች ያስተዋወቅኩት፣ ዓመቱ ራሱን በራሱ አስተዋውቆ፣ ወር ሞልቶት፣ በየጓዳቸው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ለመስከረም ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖርኩት ዐደይ አበባ እንኳ ደርቆ የሻይ ቅጠል መስሎ ነበር።

ጥቅምት 1 ጠዋት የሠርጌን ኮት አወጣሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ዓመቱን ልታስተዋውቅ ነው ወይስ ልትሞሸር?"

"ወላጅ ኮት ሲያይ ያከብራል።"

"እንግዲያው ከፊት ለሚቀመጡት አስቀድመህ ንገራቸው። ያ ቁልፍ ከተፈናጠረ ዐይን ያጠፋል።" ትንሽ ዝም አለችና "ዛሬ እኮ የልጅህም ትምህርት ቤት ስብሰባ አለው" አለችኝ።

"አንቺ ሂጂ። እኔ እንደምታዪኝ ነኝ።"

"አየሁህ" አለች።

በ2:20 ክፍል ደረስኩ። በሰሌዳው ላይ በቀለም ጠመኔ፣ ፊደሉን እያጎላሁ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብዬ ጻፍኩ። 2:30 ሲሆን የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አባት። የልጅ ልጃቸውን ወክለው ነው የመጡት። ከፊት ረድፍ፣ የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተቀመጡ። የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ይማከራል። ሌላው ወላጅ እስኪሰበሰብ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። እኒያ አባት በእነዚያ አርባ አምስት ደቂቃዎች ከሰሌዳው በቀር የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውም።

ክፍሉ ሞልቶ ጉሮሮዬን ስጠርግ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ 'ደኅና' የሚለው ቃል በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው።"

"አቤት አባቴ?"

"ድኅነት ከሚለው ነው የመጣ፤ መዳን። እርስዎ በሀሌታው ሀ ነው የጻፉት። በሀሌታው ከሆነማ ወደ ድህነት ይሄዳል፤ ማጣት።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። እንግዲህ በእኔ አጻጻፍ ለወላጆች ያልኳቸው "እንኳን ወደ ማጣት በሰላም መጣችሁ" ነው። ደመወዜን ስለማውቅ መከራከር አልቻልኩም። ዳስተር ብፈልግ የለም፤ በኮቴ እጅጌ ጠረግኩትና በብዙኃኑ ጻፍኩ። ሠርጌ ላይ ሚዜዎቼ ብናኝ እንዳይነካው የጠበቁት እጅጌ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ዋለ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ንግግሩን አጥፎ ኪሱ ይከተው ነበር። እኔ ግን በፊደል የተሸነፍኩትን በፊደል ልመልስ ብዬ ተነሣሁ። "በዚህ ዓመት ልጆቻችሁ 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ድምፅ፣ በድምሩ 231 ሆሄያትን ጠንቅቀው ያውቃሉ!" ባለ ከዘራው አባት ለጎረቤታቸው ዝቅ ባለ ድምፅ "ዲቃሎቹን አልቆጠረም" ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው፤ እነሏን፣ እነቋን፣ እነጓን ረስቻቸዋለሁ። "ጓደኛ" ብሎ መጻፍ የማይችል ልጅ አሠልጥኜ ልሰጣቸው ነው ማለት ነው።

ንግግሬ ቀጠለ። ሁለተኛው አንቀጽ "የመማር ማስተማሩን ሂደት ውጤታማ ለማድረግ የባለድርሻ አካላት የተቀናጀ ርብርብ ወሳኝ ነው" ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር አሥራ ሦስት ዓመት በኩራት ሳነበው ኖሬያለሁ፤ ትርጉሙን ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም። ዘንድሮ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት አጠገቧ ላለችው "ባለድርሻ ያለው እኛን ነው? መዋጮ ሊጠይቀን ነው መሰለኝ" አለቻት። ወሬው በወንበሮቹ መሐል እንደ እሳት ተላለፈ። ሁለት አባቶች ስልክ እንደተደወለላቸው ሆነው ወጡ። ወላጅ ማለቱ ይበቃኝ ነበር፤ "ባለድርሻ አካላት" በማለቴ ሁለቱን ድርሻዎች ከነአካላቸው አጣሁ።

ቀጥሎ የንግግሬ ተግባራዊ ክፍል መጣ። "የልጆቻችሁ የምሳ ዕቃ ንጹሕ ይሁን። ቁርስ ሳይበሉ አትላኳቸው። ዩኒፎርማቸውን በጊዜ አሰፉላቸው።" እያነበብኩ ሳለሁ ፊታቸው ላይ እንግዳ የሆነ ፈገግታ አየሁ፤ አያታቸው የጣልያንን ዘመን ወሬ ሲጀምርላቸው ልጆች የሚያሳዩት ዓይነት። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ የሚበሉት እዚያው ነው፤ ዩኒፎርሙንና ደብተሩንም የሚሰጠው ከተማው ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በየቀኑ ልጆቹን አሰልፌ እጃቸውን አስታጥቤ ምግብ አዳራሽ የምወስዳቸው እኔው ነኝ። ንግግሬ ግን በ2005 ነው የቀረው፤ እኔም እሱን ስይዝ በ2005 እቀራለሁ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቁርሳቸውንስ እኔ ነኝ የማበላቸው። ዘንግተውኝ ነው?"

ከትምህርት ቤታችን መጋቢ እናቶች አንዷ ናት። በየጠዋቱ "ቲቸር ሻይ ይጠጡ" የምትለኝ ሴት፤ ሽርጧን አውልቃ ነጠላ ስለለበሰች አላወቅኳትም። የአንዷ ተማሪዬ እናት መሆኗን ደግሞ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ያካተተ ሲሆን…" ስል ደግሞ ሸሚዙን በሥርዓት ያስገባ አንድ አባት አቋረጠኝ። "ይቅርታ ቲቸር፣ ከ2015 ወዲህ እስከ 6ኛ አይደለም እንዴ? 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ?" እውነት ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። ሰውየው ግን አልተቀመጠም። "በ2014 የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ልጄ ከዚያች 3.3 ውስጥ እንድትገባ ከአሁኑ ምን እናድርግ?" ልጂቱ በዚያ ሰዓት እግሩ ሥር ተቀምጣ የቀኝ ጫማዋን ከግራ እግሯ ጋር ልታስማማ ትታገል ነበር። ለሰውየው ሊነገረው የሚገባው መልስ እግሩ ሥር ነበር፤ "ለጊዜው ጫማዋን ታስተካክል፤ ማታ ማታ ተረት አውራላት፤ ለ12ኛ አሥራ አንድ ዓመት አላት።" እኔ ግን ፊቴን አኮሳትሬ "የተቀናጀ ጥረት ያስፈልጋል" አልኩት። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እግዚአብሔር ይወቅ።

ንግግሬ ውስጥ ሁልጊዜ የማስፈራሪያ ቦታ አለ፤ ወላጅ ካልደነገጠ ያከበረኝ አይመስለኝም። "በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም!" እዚህ ላይ ወረቀቴ ላይ በእርሳስ "ቆም በል" የሚል ተጽፏል። ቆም አልኩ። በዚያ ክፍተት መጋቢዋ እናት ጠየቀችኝ፤

"ታዲያ የእኛ ልጆችስ? የትኞቹ ናቸው የሚያነቡት?"

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ወር ሙሉ አብሬያቸው ውያለሁ፤ "ሀ በሉ" ስል 54ቱ በአንድነት "ሀ!" ይላሉ፤ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም "ጎበዞች!" እላለሁ። በዚያ ጩኸት ውስጥ የትኛው አፍ እንደሚያነብ፣ የትኛው እንደሚከተል፣ የትኛውስ ዝም ብሎ እንደተከፈተ ለይቼ አላውቅም። አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛዬ ጠርቼ ያስነበብኳቸው ሃያ አይሞሉም። የሌላ ሰው ምዘና በቃሌ አውቃለሁ፤ የራሴን ክፍል አላውቅም። "እ… በሂደት ላይ ናቸው" አልኩ። እሷም በትሕትና ተቀመጠች። ሻዩ ግን ከዚያ በኋላ ቀጥኗል።

የንግግሩ መከራ አልፎ ወላጆች አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛዬ መቅረብ ሲጀምሩ የባሰው መጣ። አንድ ሽበት የወረራቸውን ሰው "አያትየው ነዎት?" አልኳቸው። አባትየው ነበሩ። ይህን ልክስ ብዬ ተከትላ የቆመችውን ወጣት "እህቱ ነሽ? እናትሽ ለምን አልመጡም?" አልኳት። እናቱ ናት። እሷስ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ሁለቱ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያወቅኩት ግን ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ሰውየው ዞረው እያዩኝ ሲወጡ ነው።

እስካሁን የተናዘዝኩት የሚያስቅ ነው። የሚቀጥለውን ስጽፍ ግን ራሴም አልስቅም።

ክፍሌ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ወንዶች አሉ። የዘመኑ ስም ነው፤ የአባቶቻቸው ስም እንኳ የሚለያየው በአንድ ፊደል ነው። አንደኛው ከፊት ይቀመጣል፤ አፉን አይዘጋም፤ እኔ ሬዲዮ እለዋለሁ። ሁለተኛው መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። እሱን ምንም አልለውም፤ ምክንያቱም ምንም ብሎ አያውቅም።

ከወላጆቹ ሁሉ ወደኋላ የቀረች አንዲት እናት ነበረች። ጉሊቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿ ላይ የድንች አፈር አለ። የልጇን ስም ነገረችኝ።

"ኦ! እሱማ ሬዲዮ ነው!" አልኳት። ቢያንስ አንድ ልጅ በማወቄ ደስ ብሎኝ ድምፄ ከፍ አለ። "ጥያቄ ሳልጨርስ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። ዝም በል ስል ነው የምውለው።"

ሴትየዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

"የኔ ልጅ?"

"የእርስዎ ልጅ።"

"ይናገራል?" አለች። ዐይኗ ሞላ። "ቤትም እኮ… ከኔ በቀር… ለሰው አይናገርም። ኬጂ እያለም አንድ ቀን አልተናገረም ብለውኝ… ምን አለ? ቲቸር፣ ምን ብሎ ተናገረ?"

በዚህች ቦታ እውነቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለ፤ መስኮቱ፣ ዝምታው፣ የአባቱ ስም። አንድ ሐቀኛ ሰው "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው፤ ከሌላ ልጅ ጋር አምታትቼው ነው" ይል ነበር። ስድስት ሰከንድ ይፈጃል። እኔ ኮት ለብሻለሁ። እጅጌው ሮዝና አረንጓዴ ቢሆንም ኮት ነው። ደግሞም ከግማሽ ሰዓት በፊት "እንደ ልጄ ነው የማውቃቸው" ብያለሁ። ዐይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ፤ ውጭ ደመና ነበር።

"ስለ… ዝናብ ነገረን" አልኩ።

"ዝናብማ ይወዳል!" አለች፤ በእጇ አፏን ይዛ። "ቆርቆሮው ሲንኳኳ እየሮጠ ወጥቶ በሩ ላይ ነው የሚቆመው። እኔ ግባ ስለው አይሰማኝም። እንዴት አወቁት!"

እጄን ሳመችው። የዋሸሁበትን እጅ።

በዚያ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ተናግሬ ለወላጆች አንድም የሚጠቅም ነገር አልነገርኳቸውም። ስለ ተማሪዬ አንድ እውነተኛ ነገር የተነገረው እኔው ነኝ፤ እሱም በውሸቴ ጎን ሾልኮ የወጣ ነው። ወላጆቹ ሲበተኑ ባለ ከዘራው አባት ጉልበታቸውን ከዴስኩ አላቅቀው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ወደኔ መጡ።

"መምህር፣ ትውውቅ ብለው ነበር የጠሩን።"

"አዎ አባቴ።"

"እኛስ እርስዎን በደንብ አወቅንዎ" አሉና ወጡ።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ "ትውውቅ" የሁለት ወገን ሥራ መሆኑን ቃሉ ራሱ እየጮኸ ይናገራል። ብቻውን የሚዋወቅ ሰው የለም፤ ብቻውን እንደማይጋባ፣ ብቻውን እንደማይጨባበጥ። እኔ ግን 162 ጊዜ በእጄ ስጽፈው ቃሉ ምን እንደሚለኝ አልሰማሁትም። ሰሚ ጠፍቶ አይደለም፤ ፊቴ የተቀመጡት በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የሰባት ዓመት ጥናት የሠሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው ልጅ ምን እንደሚፈራ፣ የትኛው ማታ እንደማይተኛ፣ የትኛው ዝናብ ሲመጣ እንደሚሮጥ ያውቃሉ። እኔ ያን ሁሉ ዕውቀት ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አስማክሬ ስለ ምሳ ዕቃ ነገርኩት።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ከልጃችን ትምህርት ቤት ያመጣችውን ወረቀት ሰጠችኝ። የልጃችን መምህርት ለእያንዳንዱ ወላጅ ያደለችው ነው፤ "ስለ ልጅዎ እኛ ልናውቀው የሚገባ አንድ ነገር ይጻፉልን።" እናት የራሷን እዚያው ጽፋ ሰጥታለች፤ የአባት የሚል ክፍት ቦታ ቀርቷል። እስክርቢቶ አነሣሁ። ሰሌዳ ሙሉ ንግግር የሚቀናኝ ሰው፣ ያቺን ባዶ መስመር እያየሁ ሻዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ "ጎበዝ ናት፤ ትበርታ" ብዬ ጻፍኩ። በየሴሚስተሩ በ54 የውጤት ካርድ ላይ የምጽፈው ያንኑ ነው። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው።

"ጨለማ እንደምትፈራ አታውቅም?"

አላውቅም ነበር። ለካስ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸት አልተናገርኩም፤ ልጆቻቸውን በእውነት እንደ ልጄ ነው የማውቃቸው።

ሰኞ ዕለት ንስሐ ገባሁ፤ ንስሐዬም እንደኔው ነው፤ እውነቱን ለእናትየው ከመናገር ይልቅ ውሸቴን እውነት ላደርገው ተነሣሁ። የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ጥሼ "ዘ"ን አስቀደምኩና ሰሌዳው ላይ "ዝናብ" ብዬ ጻፍኩ። ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳሁ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፤ መጀመሪያ ካፊያ፣ ከዚያ ዶፍ። 54ቱም ዴስካቸውን መቱ። የሚቀጥለው ክፍል መምህር መጥቶ "ግንብ ሊፈርስ ነው?" ብሎኝ ሄደ። መስኮቱ ሥር ያለው ልጅ በሁለት ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ዴስኩን ሲመታ አየሁት። ፈገግ አለ። አልተናገረም። በማግስቱም አልተናገረም። በየቀኑ አራት አራት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ እየጠራሁ ማስነበብ ጀመርኩ፤ የመጋቢዋ እናት ጥያቄ ስለነከሰኝ። የእሱ ተራ ሲደርስ በጣቱ ፊደሉን በትክክል ያሳየኛል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። "ምን አለ?" የሚለው የእናቱ ድምፅ ግን ጆሮዬ ላይ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ከሰዓት ያረምኩትን ደብተር እያደልኩ ነበር። አንዱ ላይ በቀይ እስክርቢቶ "በጣም ጎበዝ! ወሬ ግን ቀንስ" ብዬ ጽፌያለሁ። ስሙን አየሁና፣ የአባቱን ስም ሳላይ፣ መስኮቱ ሥር ወስጄ አስቀመጥኩለት። ጠረጴዛዬ ጋ ሳልመለስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ልጁ ተከትሎኝ መጥቷል። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ ቀይዋን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ።

"ቲቸር፣ ይሄ የሱ ነው" አለ። "እኔ ሌላኛው ነኝ።"

ሬዲዮው ከፊት ወንበር "ቲቸር! ተናገረ!" ብሎ ክፍሉን ቀወጠው።

እናቱ "ምን አለ?" ብላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ። ችግሩ መልሱን ለመንገር ከዝናቡ መጀመር አለብኝ። ጥቅምት 1 ቀን የዋሸሁትን ለመናገር እንድትመጣልኝ አንድ ማስታወሻ ጽፌያለሁ፤ አንድ ብቻ፣ ያለ "ሰዓት ይከበር።" "ደኅና" የሚለውን በብዙኃኑ ኀ ጽፌዋለሁ። የቀን መቁጠሪያም አይቻለሁ፤ በዓል አይደለም።